የጎንደር ቤተ መንግሥት ልብስ ለመድረክ

የ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጎንደር በቴአትር ሲቀርብ አልባሳት አዘጋጁን የሚፈትነው የፎቶግራፍ አለመኖር ነው። ስለዚህ የሚቀናው የዳግማዊ ምኒልክን ዘመን ፎቶ አይቶ ካባውንና ሰፊውን ባርኔጣ ለዳግማዊ ኢያሱ (1730–1755 እ.ኤ.አ.) ሹማምንት ማልበስ ነው። ይህ የመቶ ሃምሳ ዓመት ስሕተት ነው። ቦሌ ካሉ የአገር ባህል ልብስ ቤቶች የተገዛ ቀሚስም አያዋጣም፤ ጥልፉ የመኪና፣ ክሩ የፋብሪካ ነው። የልብስ ስፌት መኪና የተስፋፋው ከ1850ዎቹ ወዲህ ነው፤ የመጀመሪያው የኬሚካል ማቅለሚያም የተገኘው በ1856 እ.ኤ.አ. ነው።

ከዘመኑ የተረፈው ማስረጃ ግን ቀላል አይደለም። እቴጌ ምንትዋብ በጣና ደቅ ደሴት ባሠሩት የናርጋ ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ራሳቸው በእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ተሥለዋል። በዚያ ዘመን ሠዓሊዎች ሥራ የቅዱሳን ልብስ ብዙ ጊዜ አበባ የተነቀሰበት ነው፤ ከባሕር ማዶ በምጽዋ በኩል ይገባ የነበረውን ሐርና ግምጃ ያስታውሳል። በለንደን ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ያለው የወርቅ ዘውድ የተሠራው በ1740 እ.ኤ.አ. ገደማ ሲሆን፣ እቴጌይቱና ልጃቸው ዳግማዊ ኢያሱ ለቁስቋም ማርያም የሰጡት ነው፤ ከመቅደላ ተዘርፎ የተወሰደው በ1868 እ.ኤ.አ. ነበር። ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን በብሪቲሽ ሙዚየምና በቶሮንቶ የሮያል ኦንታሪዮ ሙዚየም የሚገኘው የሐር መጋረጃ ነው። ቁመቱ ከ5 ሜትር ይበልጣል። ቀዳዳ ባላቸው ትንንሽ ሰሌዳዎች የተሸመነ ሲሆን የንጉሣዊ ቤተሰብና የአጃቢዎች ምስል ጨርቁ ላይ የተሣለ ሳይሆን ከክሩ ጋር አብሮ የተሠራ ነው። እንዲህ ያለ ሸማኔ የነበረበትን ከተማ በሚያብለጨልጭ ርካሽ ጨርቅ ማሳየት ነውር ነው።

በ1770 እ.ኤ.አ. ጎንደር የደረሰው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ የዓድዋ ጥጥ ልብስ እንደ ገንዘብ ይዘዋወር እንደነበር ጽፏል። ስለዚህ የሕዝቡ ልብስ በአብዛኛው ጥጥ ነው፤ ሱሪና እጀ ጠባብ ከላዩም ሸማ። ለጥለት የሚሆን ቀይ ክር እምብዛም ስለማይገኝ ከውጭ የመጣ ጨርቅ ተተርትሮ ይወሰድ ነበር። ደማቅ ሰፊ ጥለት ለባለጸጋ ብቻ መስጠት ይገባል። ጫማ ለጥቂቶች ነው፤ መድረኩን ባዶ እግር ይሙላው።

አለባበሱ ከልብሱ አይተናነስም። በበላይ ፊት የሚቆም ሰው ሸማውን ከትከሻው አውርዶ ወገቡ ላይ አሸንፍጦ ያደገድጋል፤ ባለሥልጣን ግን እንደተከናነበ ይቀመጣል። ይህን ያላወቀ ተዋናይ ሸማውን እንደ ፎጣ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ይገባና ሹሙ ከአሽከሩ አይለይም። ስለዚህ ሸማው በመጨረሻው የልምምድ ሳምንት ሳይሆን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ለተዋናዩ ሊሰጠው ይገባል።