ጨባጩ፣ ብረቱና ዳኛው

በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ፣ ቶማስ ኢንች የተባለው እንግሊዛዊ ጉልበተኛ ትርዒት በሚያሳይባቸው አዳራሾች መድረኩ ላይ አንድ ብረት ይቀመጥ ነበር። ሁለት ድቡልቡል ኳሶች፣ በመካከላቸው አጭር ወፍራም እጀታ፤ ሌላ ምንም የለውም። ኢንች ለተመልካቹ የሚያቀርበው ግብዣም ያልተወሳሰበ ነው፤ ይህን ዳምቤል በአንድ እጁ ያነሳ ሰው 200 ፓውንድ ይቀበላል። ገንዘቡ በዚያን ጊዜ ለአንድ ተራ ሠራተኛ ከዓመት ደመወዙ እጅግ ይበልጣል። በጉልበቱ የሚተማመን ሁሉ እጁን እያሻሸ ወደ መድረኩ ይወጣል፤ ጎንበስ ብሎ ይጨብጣል፣ ይስባል። ብረቱ ብድግ ያለ መስሎ ከጣቶቹ መሃል ይሾልካል። ከዚያ ኢንች ራሱ መጥቶ ያነሳዋል።

ኢንች በ1881 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በስካርብሮ ከተማ ተወለደ። ገና በወጣትነቱ «የስካርብሮው ሄርኩለስ» ተባለ። ጉልበተኛ ብቻ አልነበረም፤ ነጋዴም ነበር። የሰውነት ማጎልመሻ ትምህርት በፖስታ እየላከ ይሸጥ ስለነበር፣ ማንም የማያነሳው ብረት ለእርሱ ሁነኛ ማስታወቂያ ነው። የብሪታንያ ጠንካራው ሰው የሚለውን ማዕረግ በ1911 ኤድዋርድ አስተን ቢወስድበትም፣ የዳምቤሉ ዝና ግን ከእርሱ ጋር ቀረ። ዛሬ ስሙ የሚነሳው ካሸነፋቸው ውድድሮች ይልቅ በዚያ ብረት ነው።

ብረቱ የሚመዝነው 78 ኪሎ ያህል ነው፤ ከአንድ ኩንታል 22 ኪሎ ያንሳል። ታዲያ 200 ኪሎ ከመሬት የሚያነሳ ሰው እንዴት ያቅተዋል? ምስጢሩ እጀታው ላይ ነው። የኦሎምፒክ ክብደት ማንሻ ዘንግ ውፍረቱ 28 ሚሊ ሜትር ነው፤ ጣቶች ዞረውት ከአውራ ጣት ጋር ይገናኛሉ፣ አውራ ጣትም እንደ መቀርቀሪያ ይዘጋቸዋል። የኢንች ዳምቤል እጀታ ግን 60 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። ይህን የሚያህል ነገር ሲጨበጥ አውራ ጣትና ሌሎቹ ጣቶች አይገናኙም፤ መቀርቀሪያ የለም። በዚያ ላይ እጀታውና ኳሶቹ አንድ ወጥ ሆነው የተቀረጹ ናቸው። በዘመናዊ ባርቤል ላይ ክብደቱ በዘንጉ ዙሪያ ለብቻው ይሽከረከራል፤ እዚህ ግን ኳሶቹ ትንሽ ዞር ሲሉ እጀታውም አብሮ ይዞራል፣ ጣቶችንም አንድ በአንድ ይፈለቅቃል። ጀርባና እግር የቱንም ያህል ቢጠነክሩ የሚያግዙት ነገር የለም። ክርክሩ በአራት ጣቶችና በአንድ አውራ ጣት ይወሰናል።

ነገሩ ሌላም መልክ ነበረው። ኢንች ከዋናው ብረት ጋር የሚመሳሰሉ ቀለል ያሉ ዳምቤሎችም ነበሩት። ብረቱም የእርሱ፣ መድረኩም የእርሱ፣ ዳኛውም እርሱ ራሱ ነው። ይህ ማለት ኢንች ደካማ ነበር ማለት አይደለም፤ እጁ በእርግጥ ብርቱ ነበር። ነገር ግን የመዳፍ ጉልበት ፉክክር ከጥንት እስከ ዛሬ ከዚህ ጥያቄ አምልጦ አያውቅም፤ ዕቃውን ያቀረበው ማን ነው? «ያዘ» ብሎ የሚፈርደውስ?

ከኢንች በፊት በፈረንሳይ ሌላ ብረት ዝነኛ ነበር። አፖሎን በሚል የመድረክ ስም የሚታወቀው ሉዊ ዩኒ በ1862 በደቡብ ፈረንሳይ የተወለደ ግዙፍ ሰው ነው። የእርሱ መሣሪያ የባቡር ፉርጎ ጎማዎች ከነዘንጋቸው ነበሩ፤ 166 ኪሎ ይመዝናሉ፣ ዘንጉ ወደ 49 ሚሊ ሜትር ይወፍራል፣ ጎማዎቹም በዘንጉ ላይ ለብቻቸው አይዞሩም። አፖሎን በ1928 ሲሞት ጎማዎቹ ለተከታዮቹ የቤት ሥራ ሆነው ቀሩ። በ1930 ሻርል ሪጉሎ ከራሱ በላይ አነሳቸው። ከዚያ 19 ዓመት አለፈ።

በ1949 ወደ ፓሪስ የመጣው አሜሪካዊው ጆን ዴቪስ ከዓመት በፊት በለንደን የኦሎምፒክ ወርቅ ያጠለቀ፣ በዘመኑ በከባድ ሚዛን ተወዳዳሪ ያልነበረው ሰው ነው። ጎማዎቹ ፊት ሲቆም ግን ጣቶቹ አልበቃ አሉት፤ ደጋግሞ ሞክሮ ደጋግሞ ከሸፈበት። በመጨረሻ አንዱን መዳፍ ወደ ፊት፣ አንዱን ወደ ኋላ አዙሮ ጨበጠ፤ ብረቱን ወደ ላይ ሲወረውረው አየር ላይ እጁን ገልብጦ በትከሻው ተቀበለው፣ ከዚያም ከራሱ በላይ አደረሰው። 166 ኪሎ ብረት በአየር ላይ ሳለ አጨባበጥ መቀየር ምን ያህል ድፍረት እንደሚጠይቅ ብረት የነካ ሰው ያውቀዋል። ኖርበርት ሼማንስኪ በ1954 በሊል ከተማ ሦስት ጊዜ ከራሱ በላይ አደረሰው። በ2002 ደግሞ በኦሃዮ ኮሎምበስ በተካሄደው የመጀመሪያው የአርኖልድ የጠንካራ ሰዎች ውድድር ማርክ ሄንሪ በአምሳያው ላይ ይህንኑ ሦስት ጊዜ ደገመው።

ስኮትላንድ ውስጥ ፖታርክ በተባለው ስፍራ ያሉት ሁለት ድንጋዮችም የዚሁ ቤተሰብ ናቸው። በአንድነት 332 ኪሎ ተኩል ገደማ ይመዝናሉ፤ የሚያዙት በላያቸው በተተከሉ የብረት ቀለበቶች ነው። በአፈ ታሪኩ መሠረት ዶናልድ ዲኒ በ1860 ሁለቱንም ይዞ የፖታርክን ድልድይ ስፋት ተሻግሯል። በ1979 አሜሪካዊቷ ጃን ቶድ የእጅ ማሰሪያ ተጠቅማ አነሳቻቸው። ያለ ማሰሪያ፣ በባዶ እጇ ያነሳች የመጀመሪያዋ ሴት የተገኘችው በ2018 ነው፤ ሊ ሆላንድ ኪን ትባላለች። ማሰሪያ ኖረም አልኖረም ጀርባና እግር የሚሠሩት ያው ነው፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በሙሉ የመዳፍ ነው።

ብረት ከማንሳት ጎን ለጎን ሌላ መንገድም ነበር፤ ጉልበቱን በቁጥር ማስቀመጥ። በ1798 ፓሪስ ላይ ኤድም ሬኒዬ የተባለ መካኒክ ዳይናሞሜትር ብሎ የሰየመውን መሣሪያ ይፋ አደረገ። ሞላላ ቅርጽ ያለው የብረት ሞላ ነው፤ ሲጨብጡት ይጠብባል፣ ቀስቱም በሰሌዳው ላይ ኪሎውን ያሳያል። የሰውንም የፈረስንም ጉልበት ይለካ ዘንድ የታሰበ ነበር። የተፈጥሮ ሊቁ ቡፎን በሕይወት ሳለ እንዲህ ያለ ነገር እንዲሠራለት ጠይቆት ነበር፤ መሣሪያው ይፋ ሲሆን ግን ካረፈ አሥር ዓመት ሆኖታል።

ብዙም ሳይቆይ መሣሪያው ወደ ባሕር ወጣ። በ1800 በካፒቴን ኒኮላ ቦዳን መሪነት ወደ አውስትራሊያ በተጓዘው የፈረንሳይ የምርምር ጉዞ ፍራንሷ ፔሮን የተባለ ወጣት ተመራማሪ ዳይናሞሜትሩን ይዞት ሄደ። በዚያን ዘመን ሥልጣኔ ሰውን ያደክማል፣ በተፈጥሮ መካከል የሚኖረው ሰው ጠንካራ ነው የሚል አስተሳሰብ ገኖ ነበር፤ ፔሮንም ራሱ ከጉዞው በፊት ወደዚያው ያደላ ነበር። በታዝማኒያ፣ በሲድኒ አካባቢና በቲሞር ያገኛቸውን ሰዎች፣ ከዚያም ፈረንሳውያንና እንግሊዛውያንን አስጨበጠ። በ1807 ያሳተመው ውጤት የአውስትራሊያን ነባር ሕዝቦች ከ50 ኪሎ ጥቂት ከፍ ብሎ፣ ፈረንሳውያንን 69፣ እንግሊዛውያንን 71 ኪሎ ገደማ ላይ አስቀመጠ። ናፖሊዮን ከእንግሊዝ ጋር ጦርነት ላይ በነበረበት ወቅት አንድ ፈረንሳዊ ምሁር ይህን የመጨረሻውን ቁጥር ማተሙ ሐቀኝነቱን ይመሰክርለታል።

የሐቀኝነት ማነስ አልነበረም ችግሩ። የተለኩት ሰዎች እጅግ ጥቂት ነበሩ። መሣሪያውን አይተውት አያውቁም፤ ለምን እንደሚጨበጥ የተነገራቸው በምልክት ነው፤ ሙሉ ኃይላቸውን ለማያውቁት እንግዳ የሚያሳዩበት ምክንያትም አልነበራቸውም። መርከበኛው ግን ዕድሜውን ሙሉ ገመድ ሲጎትት የኖረ፣ ከጓደኞቹ ጋር ለመብለጥ የሚፎካከር ነው። አንዱ ወገን ውድድር ላይ እንዳለ ያውቃል፣ ሌላው አያውቅም። እንዲህ የተገኘ ቁጥር ግን የሕዝቦች ደረጃ ተደርጎ በየመጽሐፉ ተጠቀሰ።

መሣሪያው ለንደን ሲደርስ ተመልካቹ ራሱ ከፍሎ መለካት ጀመረ። በ1884 በደቡብ ኬንሲንግተን በተከፈተው ዓለም አቀፍ የጤና ኤግዚቢሽን እንግሊዛዊው ተመራማሪ ፍራንሲስ ጋልተን አንድ ጠባብ የመለኪያ ክፍል አቋቋመ። ሦስት ፔንስ የከፈለ ሰው ቁመቱ፣ እይታው፣ ትንፋሹና የመጨበጥ ኃይሉ ይለካለታል። 9,337 ሰዎች ተለኩ። ብዙ ራስ ምታት ያመጣበት ግን የቡጢን ኃይል የሚለካው ዕቃ ነው፤ ወጣቶቹ በትክክል መምታት ተስኗቸው ደጋግመው ሰባበሩት፣ አንዳንዶቹም የእጃቸውን አንጓ ጎዱ። ጋልተን ከለካቸው 1,657 አዋቂ ሴቶች የጠንካራዋ ጭምቂያ 86 ፓውንድ፣ ማለትም 39 ኪሎ መሆኑን መዝግቧል፤ ይህም ከአንድ መካከለኛ ወንድ ጋር እኩል መሆኑን ጠቅሶ፣ እንዲህ ያሉ ሴቶች ብርቅ መሆናቸው ለወንዶች እረፍት ሳይሆን አልቀረም ብሎ ቀልዷል። ቀልዱ ቢያስቅም፣ ሰውየው ከዓመት በፊት «ዩጀኒክስ» የሚለውን ቃል የፈጠረ፣ የሰውን ዘር እየመረጡ ማሻሻል ይቻላል ብሎ የሚያምን መሆኑ አይዘነጋም። ለእርሱም እንደ ፔሮን የሰው መዳፍ ሰውን ከሰው ማበላለጫ ነበር።

ዛሬ የምናውቀው የመጨበጥ ውድድር የተወለደው ከእነዚህ ሁሉ ርቆ በካሊፎርኒያ ነው። ራንዳል ስትሮሰን በ1988 የመሠረተው አይረንማይንድ የተባለ ድርጅት በ1990ዎቹ መጀመሪያ ላይ ሁለት እጀታና አንድ ጠንካራ ሞላ ያላቸውን መጭመቂያዎች ለገበያ አቀረበ። በየጂሙ ግሪፐር የሚባለው ዓይነት ነው፤ ልዩነቱ ጥንካሬው ላይ ነው። በአምራቹ መለኪያ ቁጥር 1 የሚባለው 140 ፓውንድ ሲሆን ቁጥር 3 ወደ 280፣ ቁጥር 4 ደግሞ 365 ፓውንድ፣ ማለትም ከ165 ኪሎ በላይ ይደርሳል። የጂም ልምድ ያለው ሰው እንኳ ቁጥር 2 ላይ ሲደርስ ብዙውን ጊዜ ይቆማል። ሪቻርድ ሶሪን ቁጥር 3ን በመዝጋት የመጀመሪያው ሆኖ ተመዘገበ። ቁጥር 4ን በይፋ የዘጋ የመጀመሪያው ሰው ጆ ኪኒ ነው፤ ዓመቱ 1998። በዚያው ዓመት የዓለም ጠንካራው ሰው የተባለው ስዊድናዊው ማግነስ ሳሙኤልሰን ቁጥር 4ን ለመዝጋት እስከ 2004 መቆየት ነበረበት።

የድሮው የዳኝነት ጥያቄ እዚህም ተነሳ። ግሪፐሩ የሚከብደው እጀታዎቹ ተራርቀው ሲጀመር ነው። ተወዳዳሪዎች በሌላኛው እጃቸው እየገፉ እጀታዎቹን አቀራርበው፣ የቀረችውን ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ዘግተው «ዘጋሁት» ማለት ያዙ። መፍትሔው የመጣው ከኪስ ነው። ሙከራው ከመጀመሩ በፊት በእጀታዎቹ ጫፍ መካከል የባንክ ካርድ በስፋቱ ማለፍ አለበት፤ ካላለፈ አይቆጠርም። ዳኛው ካርዱን አስገብቶ ያወጣል፣ ሌላኛው እጅ ይርቃል፣ ከዚያ ጭምቂያው ይጀመራል። እጀታዎቹ ሲነካኩ ዳኛው ጎንበስ ብሎ በመካከላቸው ብርሃን ያልፍ እንደሆነ ያያል። ኢንች በዘመኑ እንዲህ ያለ ዳኛ ቢገጥመው ኖሮ ታሪኩ እንዴት ይጻፍ እንደነበር መገመት ያስደስታል። የእርሱም ብረት ቢሆን አልተረሳም፤ በልኩ የተሠሩ አምሳያዎች በየውድድሩ ይቀርባሉ፣ ዛሬ የሚያነሷቸውም ጥቂት አይደሉም።

ሐኪሞችም የሬኒዬን መሣሪያ ዘመናዊ ልጆች ከጠረጴዛቸው አላወረዱም። በ2015 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት በ17 አገሮች ወደ 140 ሺህ የሚጠጉ ሰዎችን ተከታትሎ፣ የመጨበጥ ኃይል በ5 ኪሎ ሲያንስ የመሞት ዕድል በ16 በመቶ ከፍ ብሎ እንደሚገኝ አሳየ። ግሪፐር መጭመቅ ዕድሜ ያረዝማል ማለት ግን አይደለም፤ የደከመ መዳፍ በአብዛኛው የደከመ ሰውነት ምልክት ስለሆነ ነው። ጉልበቱ በጉልምስና ከፍታው ላይ ይደርስና ከዚያ በኋላ ቀስ እያለ ይቀንሳል።

ይህን የዕድሜ ሕግ ለረጅም ጊዜ የተገዳደረው ማርክ ፌሊክስ ነው። በ1966 በግሬናዳ ተወልዶ እንግሊዝ የኖረው ፌሊክስ መተዳደሪያው የቤት ልስን ነበር፤ ወደ ጠንካራ ሰዎች ውድድር የገባውም ሌሎች መውጣት በሚያስቡበት ዕድሜ ነው። እጀታው እየተሽከረከረ በአንድ እጅ በሚነሳበት ሮሊንግ ተንደር በተባለው ውድድር የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። በ2020 ፍሎሪዳ ላይ በተካሄደው የዓለም ጠንካራው ሰው ውድድር ደግሞ ወደ ውጭ የሚወድቁ ሁለት ዓምዶችን በግራና በቀኝ እጁ ይዞ ከ80 ሰከንድ በላይ ቆመ። ያኔ 54 ዓመቱ ነበር፤ በመዳፉ የተሸነፉት ብዙዎቹ ደግሞ በዕድሜ ልጆቹ ሊሆኑ የሚችሉ ነበሩ።