ከኢብኑ ሰህል ሌንስ እስከ ፋይበር ሌዘር

ብርሃን ከአላህ (ሱ.ወ.) ታላላቅ ጸጋዎች አንዱ ነው። ይህን ጸጋ ሰብስቦ ለሥራ የማዋል ሐሳብም የዛሬ አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ984 ገደማ የባግዳዱ የሒሳብ ሊቅ አቡ ሰዕድ ኢብኑ ሰህል የሚያቃጥሉ መስተዋቶችንና ሌንሶችን የሚመለከት ኪታብ ጻፈ። ጥያቄው የፀሐይን ብርሃን አንድ ነጥብ ላይ አከማችቶ ራቅ ያለን ነገር እንዴት ማቃጠል ይቻላል የሚል ነበር። የሌንሱን ቅርጽ ለማወቅ ሲመራመር ብርሃን ከአየር ወደ መስተዋት ሲገባ የሚታጠፍበትን ሕግ ደረሰበት። ይህ ሕግ ዛሬ የሚጠራው እ.ኤ.አ. በ1621 በደረሰበት በሆላንዳዊው ስኔል ስም ነው። የኢብኑ ሰህል ኪታብ ግማሹ ደማስቆ፣ ግማሹ ቴህራን ተቀምጦ ስለነበር ሩሽዲ ራሺድ ሁለቱን አገናኝተው እ.ኤ.አ. በ1990 እስኪያሳውቁ ድረስ ግኝቱ ተረስቶ ቆይቷል።

ከዚሁ ሕግ ሌላ ነገር ይከተላል። በመስተዋት ውስጥ የሚጓዝ ብርሃን ጠርዙን በጣም አግድሞ ከመታ ወደ ውጭ ሳይወጣ ተመልሶ ወደ ውስጥ ይነጥራል። ብርሃን እንደ ጸጉር በቀጠነ የመስተዋት ክር፣ ማለትም በፋይበር፣ ውስጥ የሚጓዘው በዚህ ምክንያት ነው።

የመጀመሪያው ሌዘር እ.ኤ.አ. በ1960 ተሠራ። በዓመቱ አሜሪካዊው ኤልያስ ስኒትዘር ሌዘርን ከመስተዋት ክር ጋር አዋሐደ። ሆኖም ብዙ ብርሃን በጠባቡ የክሩ እምብርት ማስገባት ስላልተቻለ ኃይሉ አነስተኛ ነበር። መፍትሔው በ1980ዎቹ መጨረሻ ተገኘ፤ እምብርቱን በሌላ ሰፊ የመስተዋት ሽፋን መክበብ ነው። ከዳዮዶች የሚወጣው ብርሃን ወደ ሰፊው ሽፋን ይገባል፤ እየነጠረ እምብርቱን በተሻገረ ቁጥር በዚያ ያሉት የይተርቢየም አቶሞች ኃይሉን ይቀበላሉ። ጨረር ሲያልፍባቸው ደግሞ ያንኑ የመሰለ፣ በዚያው አቅጣጫ የሚሄድ ብርሃን ይጨምሩለታል። በክሩ ሁለት ጫፎች የተቀረጹ መስተዋት መሰል ክፍሎች ጨረሩን እየመለሱ ያበረቱታል። ክሩ ረዥምና ቀጭን በመሆኑም ሙቀቱ በቀላሉ ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ2009 ከአንድ ክር 10,000 ዋት የሚደርስ ጥራት ያለው ጨረር ተገኘ። ዛሬ ፋይበር ሌዘሮች በፋብሪካዎች ወፍራም ብረት ይቆርጣሉ፣ ይበይዳሉ።

ታዲያ ሌዘርን የፈለሰፉት አባቶቻችን ናቸው እንበልን? አንልም፤ እውነት አይደለምና። ኢብኑ ሰህልም ቢሆን የግሪኮችን ጽሑፍ መርምሮ ነው የተነሳው። ዒልም አማና ነው፤ ተቀብለው፣ ጨምረውበት ያስተላልፉታል። ኪታቡ ለዘመናት ሁለት ቦታ ተከፍሎ መቆየቱ አማናው ሲዘነጋ የሚሆነውን ያሳያል። ስለዚህ ልጃችን የፊዚክስ ደብተሩን ይዞ ሲቀመጥ የባዕድ ዒልም እየተማረ እንዳልሆነ እንንገረው። የአባቶቹን ሥራ እየቀጠለ ነው።

ወላሁ አዕለም።