ኬኒ ዶይካር

ኬኒ ዶይካር በታችኛው የስኮትላንድ ሊግ ባስቆጠራቸው ጎሎችና ከተጫዋችነቱ ጎን ለጎን በሠራበት የሕክምና ሙያ የሚታወቅ ስኮትላንዳዊ የቀድሞ አጥቂ ነው። በ1980 እ.ኤ.አ. በስተርሊንግ ተወለደ፤ ለፎልከርክና ለኢስት ፋይፍ ከተጫወተ በኋላ በ2004 በእንግሊዝ ድንበር አጠገብ ወደሚገኘው ግሬትና ተዛወረ።

በ2004–05 የውድድር ዘመን ስድስት ጊዜ ሐትሪክ በመሥራት ጂሚ ግሪቭስ በ1960–61 ለቼልሲ ሲጫወት ካስመዘገበው የብሪታንያ ክብረ ወሰን ጋር ተስተካከለ። በሊጉ 38 ጎሎችን ሲያስቆጥር፣ ቡድኑ በ98 ነጥብና በ130 ጎሎች የሦስተኛ ዲቪዚዮን ሻምፒዮን ሆነ። ግሬትና በተከታዮቹ ሁለት ዓመታት የሁለተኛውንና የአንደኛውን ዲቪዚዮን ዋንጫዎች አንሥቶ ወደ ፕሪሚየር ሊግ አደገ። ዶይካር በ2006 የስኮትላንድ ዋንጫ ፍጻሜም ተሰልፏል፤ ጨዋታው 1 ለ 1 ተጠናቅቆ ሃርትስ በመለያ ምት አሸንፏል።

ግሬትና በ2008 በገንዘብ እጦት ሲፈርስ፣ ዶይካር በዚያው ዓመት በአሜሪካ ለሪያል ሶልት ሌክ ተጫወተ። የስካይ ስፖርትስ አቅራቢ ጄፍ ስቴሊንግ «ደጉ ዶክተር» እያለ ይጠራው ስለነበር፣ ስሙ ከስኮትላንድ ውጭም ታወቀ። የሕይወት ታሪኩ በታችኛው ሊግ ኳስን ከሌላ ሙያ ጋር አጣምሮ የመያዝ የቆየ ልማድ ጉልህ ምሳሌ ነው።