በኪናባታንጋን ወንዝ ዳርቻ ስለሚታየው ባለ ረዥም አፍንጫ ጦጣ

በቦርኔዎ ደሴት ሰሜናዊ ምሥራቅ፥ ዛሬ የማሌዢያ ክፍል በሆነችው በሳባህ፥ ኪናባታንጋን የሚባል 560 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ወንዝ አለ። ወደ ሱሉ ባሕር ሊገባ ሲቃረብ፥ ውኃው ከባሕሩ ጨው ጋራ በሚቀላቀልበት ስፍራ፥ ሥሩን በጭቃ ላይ እንደ ምርኩዝ አቁሞ የሚበቅለው ማንግሮቭ የተባለው ዛፍ ግራና ቀኙን ይዞት ይገኛል። ከሩቅ አገር የሚመጡ እንግዶች በዚህ ወንዝ ላይ በጀልባ የሚሳፈሩት ባለ ረዥም አፍንጫውን ጦጣ ለማየት ነው።

ይህ ጦጣ ቅጠል በል በመሆኑና ሆዱ በየክፍሉ የተከፈለ በመሆኑ ከኢትዮጵያ ጉሬዛ ጋራ በወገን ይዛመዳል። ወንዱ 20 ኪሎ ያህል ሲመዝን፥ ሴቲቱ የእርሱን እኩሌታ ታህላለች፤ የወንዱም አፍንጫ ከ10 ሳንቲ ሜትር ሊበልጥ ይችላል። ማላዮች «ሞኝየት ብላንዳ» ይሉታል፤ ትርጓሜውም «የሆላንድ ጦጣ» ማለት ነው። ይህም ስም የወጣለት ለንግድ የመጡት ሆላንዳውያን በአፍንጫቸው ትልቅነትና በፊታቸው መቅላት ለአገሬው ሰው እርሱን ስለመሰሉት ነው ይባላል። እንግዲህ የኤውሮፓ ሊቃውንት የደሴቲቱን እንስሳ በላቲን ስም ሲመዘግቡ፥ የደሴቲቱ ሰው ደግሞ ኤውሮፓዊውን በጦጣው ስም መዝግቦት ኖሯል።

ወንዙ ከጥንት ጀምሮ የአገሩ መንገድ ነበረ። በዳርቻው የሚኖረውም ሕዝብ «ኦራንግ ሱንጋይ»፥ ይኸውም «የወንዝ ሰዎች» ይባላል። ከጎማንቶንግ ዋሻ የሚለቀመው የሚበላ የወፍ ጎጆ ለቻይና ነጋዴዎች ይሸጥ ነበር። እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1881 ዓ.ም. አንድ የእንግሊዝ ኩባንያ አገሩን ለመግዛት ንጉሣዊ ፈቃድ ተቀበለ፤ አስተዳደሩም በ1946 ዓ.ም. ወደ እንግሊዝ መንግሥት ተላለፈ። በ1963 ዓ.ም. ሳባህ ከማሌዢያ ጋራ አንድ ሆነች። በዚህ ሁሉ ዘመን መካከል፥ ይልቁንም ከ1950ዎቹ ወዲህ፥ የደኑ ግንድ እየተቆረጠ ተሸጠ፤ ቀጥሎም ስፍራውን የዘይት ዘንባባ እርሻ ያዘው።

ጦጣዎቹ ሲመሽ ወደ ውኃው ዳር ይመለሳሉ፤ በዚያ ማደር ከአውሬ ይጠብቃቸዋልና። ዋናም የሚችሉ ናቸው። ጀልባዎቹም ከቀትር በኋላ የሚነሡት ስለዚሁ ነው። እንግዳው በአንድ ምሽት ብዙ መንጋ ሲያይ ደኑ የሞላ ይመስለዋል፤ ነገር ግን በብዙ ስፍራ ከዛፎቹ ጀርባ ጥቂት እንደ ሄዱ የተሰለፈው ዘንባባ ይጀምራል። በ2005 ዓ.ም. 26,000 ሄክታር ያህል መሬት ለዱር እንስሳት ተከለለ፤ ይኸውም አንድ ወጥ ሳይሆን ቁርጥራጭ ነው። ጦጣው እንደ ወትሮው ሊያድር ይመጣል፤ የሚመጣበት ደን ግን ጠቧል።

ከወንዙ ሰዎች አንዳንዶቹ ዛሬ ጀልባ በመንዳትና እንግዳ በመቀበል ይተዳደራሉ። ስለዚህ የቀረው ደን ለጦጣው ማደሪያ፥ ለእነርሱም እንጀራ ነው። በጀልባ የሚያልፍም ሰው ዳሩን ማየቱ መሐሉን እንዳየ አይቈጠርለትም።