ኢኳላይዘር

አንዳንዱ «መቃኛ» ይለዋል፤ አልስማማም። ክራር ሲቃኝ የክሩ ድምፅ ይቀጥናል ወይም ይወፍራል፤ ከትዝታ ወደ ባቲ የሚያሻግረን እሱ ነው። ኢኳላይዘር ትዝታን ባቲ አያደርግም። በድምፁ ውስጥ ካለው ወፍራምና ቀጭን የቱ ይጉላ፣ የቱ ይቀንስ የሚለውን ብቻ ይወስናል። «ማመጣጠኛ» ይቀርበዋል። ስሙ የስልክ መስመር ላይም ያገለግል ነበር፦ ረጅም ሽቦ ቀጭኑን ድምፅ ስለሚበላ፣ የጎደለውን መልሶ የወጣውን ከገባው ጋር እኩል ያደርጋል።

የሄድፎን ውድነት ከማመጣጠን ሥራ አያድንም። በ2009 እ.ኤ.አ. የወጣው ሴንሃይዘር ኤችዲ 800 ጥርት ያለ ነው፤ 6000 ኸርዝ አካባቢ ግን ይጮኻል። የታላቅ ወንድሙ የኤችዲ 600 ችግር ሌላ ነው፤ የታችኛው ባስ ይሳሳል። የዓለሙ አጋን በገና በሁለቱም ስሙት። የጅማቶቹ ንዝረት በኤችዲ 800 ሊሾልባችሁ ይችላል። 6000 ኸርዝ አካባቢ ጥቂት ዴሲቤል መቀነስ ነው፤ ሌላውን አትንኩ። ባስ የሚጨምር ደግሞ አጠቃላይ ድምፁን በዚያው ልክ ዝቅ ያድርግ፤ አለዚያ ይሰነጠቃል።

ሰንጋ ተራ ታክሲ ውስጥ ግን ሁለቱም አይሆኑም። ጀርባቸው ክፍት ስለሆነ የወያላው ጥሪ ይገባል፣ የእናንተ ዘፈን ለጎረቤት ይወጣል። የሞተሩ ጉርምርምታም ባሱን ስለሚውጠው፣ እዚያ ባስ ተጨምሮ የተመጣጠነው ቤት ሲደርስ ያፍናል። ለመንገድ ጆሮ የሚደፍን ርካሽ ኢርፎን ይበልጣል።