የተዘጋ በርና የተገለጠ ሥዕል

ሠዓሊ ሸራውን ሳይጨርስ ለተመልካች አያቀርብም፤ የሕንፃ ነዳፊም የደንበኛውን ንድፍ ከባለቤቱ አስቀድሞ ለሌላ አያሳይም። በሰው ሠራሽ አስተውሎት ሥዕል ማሠራት ለብዙኃኑ ሲዳረስ ግን ይህ ልማድ ተገለበጠ፤ ጅምሩም ሙከራውም በአደባባይ ሆነ።

በሳን ፍራንሲስኮ የተቋቋመው ሚድጆርኒ እ.ኤ.አ. በሐምሌ ወር 2022 አገልግሎቱን ለሕዝብ ሲከፍት፣ ማደሪያው ያደረገው ዲስኮርድን ነበር። ዲስኮርድ በ2015 ሥራውን ሲጀምር በይበልጥ የታሰበው የኮምፒዩተር ጨዋታ ወዳጆች እርስ በርስ እንዲነጋገሩበት ነበር። ሥዕል ፈላጊው ከጋራ ክፍሎች ወደ አንዱ ገብቶ «ኢማጅን» የሚለውን ትእዛዝ ይጽፋል፤ የሚሻውንም በቃላት ይገልጻል፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ አራት ሥዕሎች ይቀርቡለታል። የድርጅቱ መሥራች ዴቪድ ሆልዝ፣ ሰዎች በአንድነት ሲሠሩ አንዱ ከሌላው ሐሳብ እየተዋሰ ምናቡ ይሰፋል የሚል እምነት ነበራቸው። በእርግጥም ብዙ ጀማሪ የተማረው የጎረቤቱን ቃልና ሥዕል እያስተያየ ነው።

ይሁን እንጂ በዚያ ግርግር የአንዱ ሥራ በሌላው ሥር ይቀበር ነበር፤ የሙያ ምሥጢርም ይገለጥ ነበር። ከዚህ የተነሣ ብዙዎች የግል ክፍል ወደ ማቋቋም አዘነበሉ። አሠራሩ መሐንዲስ የሚጠይቅ አልነበረም። ባለቤቱ በዲስኮርድ ላይ «ሰርቨር» የተባለውን የራሱን ቅጥር ያለ ክፍያ ይከፍታል፤ የሚድጆርኒን ቦት ወደዚያ ይጋብዛል፤ ከዚያም የሚፈልጋቸውን ባልደረቦች ብቻ ያስገባል።

ስሕተቱ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። በሩ ስለ ተዘጋ ሥዕሉም የተሰወረ የመሰላቸው ጥቂቶች አልነበሩም። ነገር ግን በግል ቅጥር የተሠራው ሥዕል በሚድጆርኒ የድረ ገጽ ማሳያ ላይ ለሌሎች ሊታይ ይችል ነበር፤ ከዚያ መሰወር የሚቻለው ከፍ ያለ ክፍያ ለሚከፍሉ በተፈቀደው «ስቴልዝ» በተባለው ስልት ነበር። በአንጻሩም ይህን ስልት የያዘ ሰው በጋራ ክፍል ቢሠራ፣ በዚያ ያሉት ሁሉ ያዩት ነበር። ስለዚህ አንዱ ቁልፍ የሌላውን በር አይዘጋም፤ ሁለቱም ያስፈልጉ ነበር። ሁለቱ ቢሟሉም እንኳ ሥዕሉ የሚሠራው በድርጅቱ መሣሪያ ላይ ነው።

በነሐሴ 2022 ስቴብል ዲፊውዥን የተባለው ሞዴል ማንም በራሱ ኮምፒዩተር ጭኖ እንዲሠራበት ሲለቀቅ፣ ሌላ መንገድ ተከፈተ። ጠንካራ መሣሪያና ትዕግሥት ቢጠይቅም፣ ቃሉም ሥዕሉም ከባለቤቱ ቤት ሳይወጣ መሥራት ተቻለ።

እንግዲህ የደንበኛውን አደራ የተሸከመ ባለሙያ ከዚህ አጭር ታሪክ የሚያገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። በክፍሉ ውስጥ እነማን እንደ ተቀመጡ መጠየቅ ብቻውን አይበቃም፤ ክፍሉ የማን ቤት እንደ ሆነም አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል።