አንበሳ የበላው የኪራይ በሬ

አያቴ አንድ በሬ ብቻ ነበራቸው። አንድ በሬ ብቻውን አያርስምና ከሌላ ባለ አንድ በሬ ጎረቤታቸው ጋር ተቀናጅተው ያርሱ ነበር፤ ዛሬ የእርሳቸው ማሳ፣ ነገ የጎረቤታቸው። በመቀናጆ ኪራይ የሚባል ነገር የለም። አንድ ሌሊት ግን የአያቴ በሬ በጎረቤታቸው በረት እንዳደረ ጅብ በላው።

ይህን ታሪክ ያስታወሰኝ የሐሙራቢ ሕግ ነው። የባቢሎኑ ንጉሥ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ18ኛው መቶ ዓመት ያስቀረጸው ጥቁር ሐውልት እ.ኤ.አ. በ1901 በዛሬዋ ኢራን፣ በጥንታዊቷ ሱሳ ተቆፍሮ ወጥቶ ፓሪስ፣ ሉቭር ሙዚየም ቆሟል። ብዙዎቻችን «ዓይን ስለ ዓይን» በሚለው እናውቀዋለን። እኔን የያዘኝ ግን ወደ መጨረሻው የሰፈረው የኪራይ ዝርዝር ነው። ለማበራየት የተከራየ በሬ ዋጋው 20 ቃ እህል ነው፤ አህያ 10፣ ፍየል 1። ቃ የሚባለው መስፈሪያ አንድ ሊትር ገደማ ይሆናል። ሠረገላ ከበሬዎቹና ከነጂው ጋር በቀን 180 ቃ፣ ብቻውን 40። (ፍየል ስታበራይ አይቼ አላውቅም፤ ባቢሎናውያን ግን ዋጋዋን አልዘነጉም።)

በጊዜው የነበሩት ዳኞች ሐውልቱን ሲጠቅሱ እምብዛም አይገኙምና ሰው ሁሉ በዚህ ዋጋ ተከራየ ለማለት አልደፍርም። ደግሞም ቁጥሩ ቀላሉ ነገር ነው። ተከራዩ በቸልተኝነት ወይም በድብደባ በሬውን ቢገድል በሬ በበሬ ይተካል፤ ዓይኑን ቢያጠፋ የዋጋውን እኩሌታ በብር ይከፍላል። በሜዳ አንበሳ ቢገድለው ግን ኪሳራው የባለቤቱ ነው። አምላክ ቀሥፎት ቢሞት ተከራዩ ምሎ ነጻ ይወጣል።

በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 22ም ተመሳሳይ ነገር አለ፦ ባለቤቱ በሌለበት የተዋሰው እንስሳ የሞተበት ይከፍላል፤ በተከራየው ላይ የደረሰው ጉዳት ግን በኪራዩ ይታሰባል። መጀመሪያ ሳነብበው የተገለበጠ ፍርድ መስሎኝ ነበር። ኋላ እንደገባኝ ከሆነ ባለቤቱ የሚቀበለው እህል የበሬውን ድካም ብቻ ሳይሆን የአንበሳውንም ሥጋት የያዘ ነው፤ ሥጋቱን አስቀድሞ ሸጦታል። አያቴ ግን የሸጡት ነገር አልነበረም።

ሽማግሌዎች ሁለት እሑድ ተቀመጡ። ጎረቤትየው በረቱን ዘግቼ ነበር ብሎ ማለ፤ በነጻ ለቀቁት። አያቴም ፍርዱን ተቀበሉ። በዚያ ክረምት ከሌላ መንደር ጥማድ በሬ ተከራይተው አረሱ፤ ኪራዩንም አዝመራው ሲደርስ ከአውድማቸው ሰፍረው ከፈሉ።